ወደ ግሽ ዓባይ የመጣው ቴሌስኮፕ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቆጣጠር በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት መገባደጃ፣ ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ከጎንደር ተነሥቶ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ቦታው ዛሬ ሰከላ ወረዳ የምንለው፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በስተሰሜን ያለው ደጋ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ይህን ቀን የሚያነሡት ስለ ምንጩ ነው። ብሩስም የዓባይን ምንጭ በማየት የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ እያለ ሲፎክር ኖሯል። እውነቱን ለመናገር ከእርሱ 152 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1618፣ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ያንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎለታል፤ ብሩስ ግን ሊቀበለው አልወደደም። እኔ ዛሬ የምፈልገው ክርክሩን ሳይሆን ከብሩስ ጋር የመጣውን ጭነት ነው።

በጭነቱ ውስጥ ቴሌስኮፖች፣ ሰዓት፣ እንዲሁም የከዋክብትን ከፍታ የሚለካ ኳድራንት የሚባል ትልቅ የናስ መሣሪያ ነበሩ። ኳድራንቱ ከፈረንሳይ ንጉሥ ከሉዊ 15ኛ የተላከ ነው። ብሩስ ቀድሞ ከያዛቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ በሊቢያ ጠረፍ መርከቡ በተሰበረች ጊዜ ጠፍተውበት ነበር። ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ የታራንታ ተራራ ገጠመው። ኳድራንቱ ለሸካሚዎቹ አልነሣ ሲል ብሩስ ራሱና ያሲን የሚባል የመንገድ ባልደረባው እየተጋገዙ አወጡት። አገሩ በጦርነት ላይ ነበር። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ለእንግዳው ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ሰጠውና ፈረሱን ከፊት ከፊት እየነዱ ሄዱ፤ ያየ ሁሉ የፋሲል ሰው መሆኑን እያወቀ አሳለፋቸው። እንዲህ ሆኖ ነው የመስታወትና የናስ ዕቃ ሳይሰበር ግሽ የደረሰው።

ምን ሊያይበት ነው ይህን ሁሉ የተሸከመው? ጨረቃን ለማድነቅ አልነበረም። የቆመበት ቦታ በምድር ላይ የት እንደ ሆነ ለማወቅ ፈልጎ ነው። ሰሜን–ደቡቡን በኳድራንት ደጋግሞ ለካና ግሽ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ላይ ነው ብሎ ጻፈ። የዛሬ ካርታ ከዚህ ቁጥር እምብዛም አይርቅም። ለምሥራቅ–ምዕራቡ ግን ቴሌስኮፕ አስፈለገው።

ዘዴው የሚያስደንቅ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። ጁፒተርን የሚዞሩ አራት ትልልቅ ጨረቃዎች አሉ። ከአራቱ ለጁፒተር የምትቀርበው አዮ በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች፤ በዞረች ቁጥርም በጁፒተር ጥላ ውስጥ ገብታ ትወጣለች። የምትጠፋበትና የምትገለጥበት ደቂቃ በአውሮፓ ሰዓት አስቀድሞ ተሰልቶ በሰንጠረዥ ይታተም ነበር። ግሽ ላይ ያለ ሰው ያንኑ ግርዶሽ በግሽ ሰዓት ስንት ላይ እንዳየ ከመዘገበ፣ የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት ርቀቱን ይነግረዋል። ምድር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ የ4 ደቂቃ ልዩነት ማለት 1 ዲግሪ ማለት ነው። ብሩስ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ተኩል አገኘ። ትክክለኛው ከ37 ዲግሪ ጥቂት ያልፋል። ስሕተቱ በሰዓት ቢመነዘር የ1 ደቂቃ ገደማ ነው። በጦርነት መካከል፣ በደጋ ብርድ፣ በ1763 ዓ.ም. ሰዓት! እኔ በበኩሌ ስለ ፉከራው ይቅር እለዋለሁ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በየወጣቶች ኅብረቱ ስለ ፍጥረት ትምህርት በተሰጠ ቁጥር በመጨረሻ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «መምህር፣ ቴሌስኮፕ ብንገዛ የትኛው ይሻላል?» ከዚያ ስልክ ይወጣና ፎቶ ይታያል፤ ካርቶኑ ላይ በትልልቅ ቁጥር «675 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ተጽፎበታል። ገንዘቡ የአንድ ሰው ቢሆን ዝም ባልሁ። ነገር ግን ከተማሪ ኪስ ሳንቲም በሳንቲም የተዋጣ ነው። ዕቃው መጥቶ የሚንቀጠቀጥ ጉም ብቻ ካሳየ በዕቃ ቤት ከተበላሸው ኪቦርድ አጠገብ ይቀመጣል፤ የከፋው ደግሞ ልጆቹ «ሰማይ እንዲህ ነው እንዴ?» ብለው ይተዉታል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት በታሪክ ታላቅ ነገር ያዩ ሰዎች በምን እንዳዩ ተመልከቱ።

በ1608 በኔዘርላንድ ሃንስ ሊፐርሄይ የተባለ መነጽር ሠሪ ሩቁን የሚያቀርብ ቱቦ ሠርቼአለሁና መብት ይሰጠኝ ብሎ አመለከተ። በዓመቱ ጋሊሊዮ ወሬውን ሰምቶ የራሱን ሠራ፤ በጃንዋሪ 1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየበት ቴሌስኮፕ 20 ጊዜ ያህል ብቻ የሚያጎላ፣ የሚታየውም ስፍራ ጠባብ የሆነ ነበር። ሳተርንን ሲያይ ቀለበቱን ለይቶ ማወቅ አልቻለም፤ ሦስት አካል መሰለው። ዛሬ መካከለኛ የሚባለው ባለ ሁለት ዓይን ባይኖኩላር በብዙ ነገር ከጋሊሊዮ ዕቃ ይበልጣል። ጋሊሊዮ የበለጠው በየማታው ተመልሶ በማየቱና ያየውን በማስታወሻ ላይ በመሳሉ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ግን የሌላ ስኮትላንዳዊ ታሪክ ነው። ጄምስ ፈርጉሰን በ1710 ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ ልጅ ሳለ በግ ጠባቂ ነበር። ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ይዞ ሜዳ ይወጣና በጀርባው ይተኛል። ትንንሽ ዶቃዎች የተሰኩበትን ክር በክንዱ ርቀት ይወጥርና ዶቃዎቹን እያንሸራተተ በሁለት ኮከቦች ላይ ያሳርፋቸዋል፤ ከዚያም ክሩን ወረቀት ላይ አጋድሞ በሻማ ብርሃን ነጥብ ያኖራል። የሰማይ ካርታውን የሠራው በዚህ ነው። በሊበን ሜዳ ወይም በቋሪት ገደል አፋፍ ከብት ሲጠብቅ ያመሸ ልጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ፈርጉሰን አድጎ መምህር ሆነ፤ በ1756 ስለ ሥነ ፈለክ ለተራ ሰው የሚገባ መጽሐፍ አሳተመ።

ያን መጽሐፍ በ1773 ከገዙት ሰዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በአንድ የጸሎት ቤት ኦርጋን የሚጫወት ዊልያም ኸርሸል የሚባል ሙዚቀኛ ነው። ኳየር ያሠለጥናል፣ ተማሪ ያስተምራል፤ ማታ ደግሞ የፈርጉሰንን መጽሐፍ ያነባል። በዚያው ዓመት ብሩስ ከአፍሪካ ጉዞው ወደ አውሮፓ ተመልሶ ነበር። ኸርሸል የመጀመሪያውን ቴሌስኮፕ ሲመርጥ ያሳለፈው መንገድ ዛሬ አንድ ጀማሪ ከሚያሳልፈው ብዙም አይለይም። አስቀድሞ ሌንሶች ገዛ፤ እኅቱ ካሮላይን የካርቶን ቱቦ ሠራችለት። ቱቦው ግን እጅግ ረጅም ነበረና ለአያያዝ አስቸገረ። ቀጥሎ በመስታወት የሚሠራ ትንሽ ቴሌስኮፕ ተከራየ፤ ይህ ተስማማው። ትልቅ ሊገዛ ቢጠይቅ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ስለዚህ ሥራውን ከሚተው ከአንድ ሰው ያላለቁ መስታወቶችና መሞረጃዎች ገዝቶ ራሱ ይሠራ ጀመር። አንድ ጊዜ እጁን ከመስታወቱ ሳያነሣ 16 ሰዓት ሲሞርድ ዋለ፤ ካሮላይን እያጎረሰች አቆየችው። ማርች 13 ቀን 1781 በቤቱ ግቢ ቆሞ፣ ራሱ በሠራው 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው መስታወት፣ ዩራነስን አገኘ። ከጥንት ጀምሮ በዓይን ከሚታወቁት ፕላኔቶች ሌላ በሰው የተገኘ የመጀመሪያው ነበር። ካሮላይንም ዘማሪ ነበረች፤ በኋላ ስምንት ኮሜቶች አግኝታለች። የአገልጋይ ሰው ጊዜ የለውም ለምትሉ የኳየር አባላት ይህን አስታውሱ።

ኸርሸል የገባው፣ ካርቶኑ የማይነግራችሁ ነገር ይህ ነው፤ የቴሌስኮፕ ዋና ሥራ ብርሃን መሰብሰብ ነው። በጨለማ የተከፈተ የወጣት ዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የፊት ሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ከዓይናችሁ 100 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል፤ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለው ደግሞ ከባለ 70ው ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ይበልጣል። ማጉላት በቀላል ማካፈል የሚገኝ ነው። የቱቦው የትኩረት ርቀት 700 ሚሊ ሜትር ቢሆንና የዓይን ሌንሱ 25 ቢሆን፣ 28 ጊዜ ያጎላል፤ ባለ 10 ሌንስ ብታስገቡበት 70 ጊዜ ያጎላል። እያነሰ የሚሄድ ሌንስ በማስገባት ቁጥሩን እስከ ፈለጋችሁ ማድረስ ትችላላችሁ፤ ብርሃኑ ግን ያው ነው። ለአሥር ሰው የተሠራ ወጥ ውኃ እየጨመሩ ለመቶ ሰው እንደ ማዳረስ ነው። በልምድ የሚታወቀው ልክ በፊት ሌንሱ ስፋት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 2 ጊዜ ማጉላት ነው። ባለ 60 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ከ120 በላይ ሲባል ማስታወቂያ ሆኗል።

ከስፋቱ ቀጥሎ ማቆሚያው ነው፤ እዚህ ላይ የብሩስ ቁጥር በቀጥታ ይጠቅመናል። በገበያ ላይ ኢኳቶሪያል የሚባል ማቆሚያ አለ፤ አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ እንዲያመለክት ተደርጎ ይታሰርና ከሰማይ መዞር ጋር ይዞራል። የዘንጉ ማዘንበል ከአገሩ ዲግሪ ጋር እኩል መሆን አለበት። ለንደን ላይ ከ51 ዲግሪ በላይ ነው፤ እኛ ጋ ግን ብሩስ እንደ ለካው 11 ዲግሪ አይሞላም፤ ዘንጉ ተኛ ማለት ይቻላል። በርካሾቹ ላይ የሚዛን ብረቱ ከሦስት እግሩ ጋር ሊጋጭ ይችላል። የሰሜን ኮከብ ራሱ ከአድማስ ጥቂት ብቻ ከፍ ስለሚል ፊት ለፊታችሁ ኮረብታ ካለ አታዩትም። ለአውሮፓ የተመቸ ዕቃ ሁሉ ለጎጃም አይመችም። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ብቻ የሚሄደውን ቀላሉን ማቆሚያ ምረጡ።

ከቀላሎቹ የተሻለውን ለዓለም ያስተዋወቀው ጆን ዶብሰን ነው፤ በሳን ፍራንሲስኮ የሂንዱ ገዳም መነኩሴ የነበረ ሰው። እምነቱ የእኛ አይደለም፤ የእጁ ሥራ ግን ለድሃ ተማሪ ሁሉ ተርፏል። ከመርከብ መስኮት መስታወት እየሞረደ፣ ከወፍራም ካርቶን ቱቦ እያበጀ፣ ቱቦውን በሚዞር የእንጨት ሳጥን ላይ አስቀመጠው። በ1967 ከገዳሙ ከወጣ በኋላ በየመንገዱ ዳር እየቆመ አላፊ አግዳሚውን «ና ሳተርንን እይ» ይል ነበር። መስታወቱ ከተገኘ ሳጥኑን የፍኖተ ሰላም አናጺ ይሠራዋል።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ 10 ጊዜ የሚያጎላ፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ባይኖኩላር ግዙ። የጁፒተርን ጨረቃዎች፣ የጨረቃን ጉድጓዶች፣ ኢዮብና አሞጽ በስማቸው የሚያነሡአቸውን ኦሪዮንንና ሰባቱን ከዋክብት ያሳያችኋል፤ ክንዳችሁን ግድግዳ ወይም አጥር ላይ አስደግፉ። ገንዘብ ካለ ከ114 እስከ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የዶብሰን ዓይነት ቴሌስኮፕ እመርጣለሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚመጣው ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ ስለ ሆነ መጠኑ ወሳኝ ነው፤ ጠንካራ በርጩማ እዚሁ አይጠፋም። ነገር ግን ከአጥቢያ አጥቢያ በኮረኮንች መንገድ የምታዞሩት ከሆነ የመስታወቱ አቅጣጫ እየተዛባ በየጊዜው ማስተካከል ይፈልጋል፤ ያኔ ባለ 70 ወይም 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ይሻላል። ክብደትንም አትናቁ። ብሩስ ሲመለስ በኑቢያ በረሃ ግመሎቹ አለቁበትና ኳድራንቱንና ቴሌስኮፖቹን አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ፤ በኋላ ግመል አግኝቶ ተመልሶ አነሣቸው። የማይነሣ ዕቃ ከቤት አይወጣም። እንዲሁም በሌንስ በሚሠራው ብዙ ጊዜ ምስሉ ተገልብጦ ይታያል፤ አልተበላሸም፣ ኬፕለር በ1611 ያሰበው ዓይነት ስለ ሆነ ነው።

ኬፕለርን ካነሣሁ አይቀር ወላጆች ወደሚያነሡት ጥያቄ ልለፍ፤ «ይህ ኮከብ ቆጠራ አይደለም ወይ?» ጥያቄው ከሜዳ አልተነሣም። በአገራችን ዐውደ ነገሥት ተገልጦ፣ የሰው ስም ተቆጥሮ፣ ትዳርና ንግድ ሲወሰን ኖሯል፤ ዛሬም አለ። ኬፕለር ራሱ የወንጌላውያን ነገረ መለኮት ተማሪ የነበረ አማኝ ሆኖ ሳለ ለመኳንንት የኮከብ ትንበያ እየጻፈ እንጀራ በልቷል። ይህን ደብቄ ስለ እርሱ ላወራችሁ አልፈልግም። ኢሳይያስ 47 ከዋክብትን እያዩ የሚመጣውን እንናገራለን የሚሉትን ይነቅፋል፤ መዝሙር 8 ደግሞ ሰማይን አይቶ ስለ ሰው ታናሽነት የጠየቀ ሰው ጸሎት ነው። ሁለቱም ወደ ላይ ያያሉ፤ አንዱ ስለ ራሱ ዕጣ ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ፈጣሪ። ወላጆችን በክርክር ከማሸነፍ ይልቅ ጋብዛችሁ አሳዩአቸው።

የሚገርመው፣ ሰማይን መቁጠር በእኛ አገር ከቴሌስኮፕ በፊት የነበረ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የፋሲካን ቀን ከጨረቃ ጋር ሲያሰሉ ኖረዋል። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ስለ ፀሐይ መውጫ በሮችና ስለ ጨረቃ መሙላትና መጉደል ረጅም ክፍል አለው። እኛ ወንጌላውያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ባንቆጥረውም ይሁዳ በመልእክቱ ሄኖክን ጠቅሷል። አውሮፓ ሙሉውን መጽሐፍ አጥታው ነበር። በ1773 ከኢትዮጵያ ሦስት የግእዝ ቅጂ ይዞላት የገባው ማን ነው? ያው ብሩስ። ቴሌስኮፕ ይዞ መጥቶ ሄኖክን ይዞ ወጣ።

በእኛ ዘመን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ሥራ ጀመሩ። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ደግሞ የቀለበት ግርዶሹ ጥላ በወለጋ፣ በጎጃምና በላስታ አድርጎ አለፈ። ያን ቀን ያለ መከላከያ ፀሐይን ያየ ዓይኑን ለአደጋ አጋልጧል፤ በቴሌስኮፕ ከሆነማ በቅጽበት ይታወራል። ከርካሽ ቴሌስኮፕ ጋር ለዓይን ሌንስ የሚገጠም ትንሽ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ ከመጣላችሁ ጣሉት፤ በሙቀት ይሰነጠቃል። ቴሌስኮፑን ቀን ለቀን ሕፃናት በሚደርሱበት ቦታ አታቁሙት።

የክረምቱ ደመና ከመስከረም በኋላ ሲገለጥ ጀምሩ። ሌሊት መንቀሳቀስ በማይመችበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይበቃል፤ መብራት የጠፋበት ማታ ደግሞ ለዚህ ሥራ በረከት ነው። የዕቃውን ያህል ዋጋ የሌለው ነገር ግን የማይቀር አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያየውን ሰው ስምና ሥዕሉን ጻፉበት። የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ለአንድ ሳምንት በየማታው ብትስሉ የትኛዋ አዮ እንደ ሆነች ራሳችሁ ትለያላችሁ። በሚያዝያ ማታ ወደ ደቡብ ብትዞሩ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ታያላችሁ፤ ጋሊሊዮም ኸርሸልም ከአገራቸው ሆነው አላዩአቸውም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ደግሞ አንድሮሜዳ በሚባሉት ከዋክብት መካከል አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ፈልጉ። በዓይን አትታይም፤ በባይኖኩላር ግን ትታያለች። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ዕድል ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሰችው እርሷ ናት። ስሟ «ቡና» ነው። የሚዞራት ፕላኔት «አቦል» ይባላል፤ እርሱ ግን በእናንተም በእንጦጦም ቴሌስኮፕ አይታይም።